ዮጋ ወይስ ኤሮቢክስ? ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» ብሎ መነሳት ራሱ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ማንኪያና ቢላዋን እንደማወዳደር ነው። ኤሮቢክስ በዋናነት ልብና ሳንባን ያሠራል። ዮጋ ሰውነትን ያፍታታል፣ ሚዛን መጠበቅና በረጅሙ መተንፈስን ያስለምዳል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ሁለቱም ይጎድሉታል።

ሁለተኛው ላብን እንደ መለኪያ መያዝ ነው። ላብ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ እንጂ የልብ ሥራ ደረሰኝ አይደለም። በሞቀ ክፍል ውስጥ ዮጋ ሲሠሩ ልብስዎ ይጨመቃል፤ ልብዎ ግን የሩጫን ያህል ላይሠራ ይችላል። ከላብ ይልቅ ንግግርዎን ይመኑ። እየተንቀሳቀሱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ ጥረትዎ መካከለኛ ነው። ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሽ ካጠረዎት ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ የኤሮቢክ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለስላሳ ዮጋ ብቻውን ይህን አይሞላም።

በተቃራኒው ደግሞ ዮጋን «መንጠራራት ብቻ» ብሎ መናቅ አለ። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብለን የእግር ጣት እንንካ ተባለ። አጠገቤ ያሉት እናት መዳፋቸውን መሬት ላይ ሲያሳርፉ እልህ ያዘኝ። ጉልበቴን ገትሬ፣ ትንፋሼን ውጬ ወረድኩ። ለሦስት ቀን ደረጃ የምወርደው እንደ ሽማግሌ ነበር። ጉልበትን ትንሽ አጠፍ አድርጎ ከዳሌ መጎንበስ ይበቃ ነበር። ትንፋሽዎ ከተያዘ አልፈው ሄደዋል ማለት ነው፤ ትንሽ ይመለሱ።

«ዮጋ ለአእምሮ፣ ኤሮቢክስ ለአካል» የሚለው ክፍፍልም አይሠራም። ፈጠን ያለ እርምጃም ጭንቀት ያቀላል፣ እንቅልፍ ያመጣል።

የኤሮቢክሱ ሙዚቃ ሲያልቅ ድርቅ ብሎ መቆምስ? ደም እግር ላይ ይጠራቀምና ራስ ያዞራል። ጥቂት ደቂቃ ቀስ ብለው ይራመዱ።

ጡንቻን መርሳትም አለ። ያው ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨምራል። የራስን ሰውነት ክብደት በእጅ ተሸክሞ የሚቆይ የዮጋ አቋቋም ትንሽ ያግዛል።

በመጨረሻም፣ የጤና ችግርን ሳይናገሩ ክፍል መግባት። ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ያለበት ሰው ጭንቅላቱን ወደታች ሲዘቀዝቅ የዓይኑ ግፊት ይጨምራል። ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ከዚያ ለአሠልጣኙ ይንገሩ። የሚተካ ሌላ አቋቋም አያጣም።