ከመጠለያ የመጣ ትልቅ ውሻ ቤት ውስጥ ሲሸና
ደብረ ማርቆስ፣ ክረምት። ውሻው ግቢውን ዞሮ ሳይሸና ይመለስና በሩ ሥር፣ ያችው ቦታ ላይ ይለቀዋል። ቁጣ አልሠራም፤ ይባስ ብሎ አልጋ ሥር ተደብቆ መሽናት ጀመረ። በረኪናም ሽታውን ከሰው አፍንጫ እንጂ ከውሻው አላጠፋም፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ሳንባ ይጎዳል።

የሠራው ይህ ነው። ወለሉ በእበት የተለቀለቀ አፈር ስለሆነ ሽንቱ ሰርጓል፤ አራት ጣት ያህል ቆፍሮ የረጠበውን ማውጣት፣ በደረቅ አፈር ሞልቶ እንደገና መለቅለቅ። ከዚያ በገመድ ይዞ ማውጣት፦ ማለዳ፣ ከበላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ቀን በየ2 ሰዓቱ፣ ከመኝታ በፊት። ቦታው ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ ጭቃ ስለሚጠላ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር። እንደጨረሰ እዚያው ቁራሽ ሥጋ፤ ቤት ገብቶ ከተሰጠው ስለ መግባቱ ይመስለዋል። ካልሸና ገመዱን ሳይፈቱ ከ10 ደቂቃ በኋላ መልሶ ማውጣት።