ንጉሡ ያለፉባት፣ ጣልያን ያልደረሰባት ሳምንት፦ የ1928ቷን ድሬዳዋ በሞዴል ባቡር መሥራት

አጎቴ ዕድሜውን ድሬዳዋ ምድር ባቡር የጨረሰ ሸሚኖ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን ከፍራንክፈርት በቪዲዮ ሳሳየው ዝም ብሎ አየ፣ አየና፣ «አቦ! ሊቶሪናዋ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ገበታዬ ላይ በ1928 የወጣው የንጉሡ ባቡር ነበረ። ከጎኑ ጣልያን በ1933 ሲሸሽ ያፈረሰው የአዋሽ ድልድይ ነበረ። ሊቶሪናዋ ደግሞ (ያለ ሎኮሞቲቭ በራሷ ሞተር የምትሄደው የመንገደኛ ባቡር) ጣልያን አገሩን ከያዘ በኋላ ያመጣት ናት። ሦስቱንም በአንድ ሜትር ተኩል ላይ ጠቅጥቄያቸው ነበር። ሁሉንም ነቅዬ እንደገና ስጀምር የያዝኩት ደንብ ይህ ነው፦ የጦርነት ዘመን ሞዴል ስትሠሩ ከቦታው በፊት ቀኑን ምረጡ።

እኔ የመረጥኩት አንዲት ሳምንት ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 አፄ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ፤ በ26 ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሄዱ። በ27 ጣልያን አዲስ አበባ ገባ፤ ግንቦት 1 ድሬዳዋ ደረሰ። እኔ የምሠራት ድሬዳዋ ንጉሡ አልፈው የሄዱባት፣ ጠላት ገና ያልገባባት ናት። ገበታዬ ላይ አንድ ታንክ የለም። አያቴ ስለዚያች ሳምንት ስታወራ መድፍ አንስታ አታውቅም፤ «ሰዉ ጓዙን አስሮ ቁጭ አለ» ነበር የምትለው። እንግዲህ የታሰረ ጓዝ መሥራት አለብን ማለት ነው።

መጠኑን እናስላ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚሄደው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። በሞዴሉ ልኬት፣ በ1 ለ87፣ ሲቀነስ 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ገበያ ላይ ያለው 12 ሚሊ ሜትሩ «ኤችኦኤም» የሚባለው ሐዲድ ስለሆነ እሱን ግዙ። የተለመደውን 16.5 ሚሊ ሜትር የገዛ ሰው ባቡሩ እንደ አውሮፓ ባቡር ሰፍቶ ይቀመጥበታል፣ ማንም ድሬዳዋ ነው ብሎ አያምነውም። በዚህ ልኬት 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ 12 ሜትር የሆነ ፉርጎ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

መሠረቱን ከ10 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ እያንዳንዱ 90 በ45 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ሁለት ገበታዎች ሠራሁትና በብሎን አያያዝኳቸው። ኪራይ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው ከአልጋ ሥር የሚገባ መሆን አለበት። ከላዩ ጠጣር ፎም ለጥፉበት፤ የደቻቱን አሸዋማ ወንዝ በቢላ የምትቦረቡሩት በዚያ ላይ ነው። (ኮምፔንሳቶ፣ ስታኞ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ፦ ጣልያን ያልደረሰባትን ጣቢያ ለመሥራት የመሣሪያውን ስም ሁሉ በጣልያንኛ መጥራት ግድ ሆነብኝ። አጎቴ ይህን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ።)

ሐዲዱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእንጨቱ ነው። የእኛ መስመር ጋደሚያው፣ ሐዲዱ የሚያርፍበት አግዳሚ፣ ብረት ነበር። ፋብሪካው ቡናማ እንጨት አስመስሎ የሠራውን እንዳለ አትተዉት፤ በዝገት ቀለም ቀቡት፣ ከዚያ በደረቁ ብሩሽ የአቧራ ቀለም አስኪዱበት። የሐዲዱን ጎን ቀቡ፣ ላዩን ግን ቀለሙ ሳይደርቅ ጥረጉ፤ ካልተጠረገ ኤሌክትሪክ አያልፍም።

አፈሩ ከሁሉም በላይ አታከተኝ። መጀመሪያ የተዘጋጀውን የሣር ዱቄት ገዝቼ ስነሰንስ ጀርመን አገር ሆኖ ቁጭ አለ። የደቻቱን አሸዋ በፌስታል ልይዝ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከውጭ አፈር ወደ አውሮፓ ማስገባት ክልክል ነው። ስለዚህ እዚሁ የግንባታ አሸዋ ወሰድኩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አሸዋውን በሻይ ማጥለያ ንፉት፤ ምድጃ ውስጥ አድርቁት፤ ከዚያ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ደጋግማችሁ አስኪዱበት። የብረት ብናኙን ማግኔቱ ይለቅመዋል፤ ካልተለቀመ የሎኮሞቲቩ ሞተር ውስጥ ገብቶ ይፈጀዋል። ኮላ አንድ እጅ፣ ውሃ ሁለት እጅ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀላቅሉና በጠብታ አጠጡት። ሳሙናው ባይኖር ኮላው አሸዋው ላይ እንደ ዕንቁ ተንከባሎ ይቀራል፣ አይሰርግም። ከደረቀ በኋላ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ነጭና ቢጫ ጠመኔ ፍቃችሁ በብሩሽ አልብሱት። ግንቦት ቀትር ላይ ድሬ ቀለም የላትም፣ ብርሃን ብቻ ናት፤ ስለዚህ ከምታስቡት በላይ አንጡት።

ለግራሩ ግንድ የደረቀ የጦስኝ አገዳ ተጠቀሙ። ከኩሽና ነው ያገኘሁት፣ ቅርንጫፉ ራሱ ግራር ነው። አናቱን ክብ አታድርጉት፤ ጠፍጣፋ ዣንጥላ ነው።

የጣቢያውን ሕንፃ ከወፍራም ካርቶን ቆርጬ በጀሶ ለሰንኩት። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ የምታገኟቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ የቅርብ ጊዜ ናቸው። ፊቱ ላይ «ጅቡቶ ኢትዮጵያን» የሚለውን ጽሑፍ ብትገለብጡ በ1970ዎቹ የመጣ ስም ነው የምትለጥፉት፤ በ1928 ኩባንያው ፍራንኮ ኢትዮጵያን ነበር። ዲዝል ሎኮሞቲቭም አታስገቡ፣ እሱ ከጦርነቱ በኋላ ነው። የተፈረካከሰ ቤት ኪትም በየሱቁ ሞልቷል፤ አትግዙ። በዚያ መጋቢት በቦምብ የጋየችው ሐረር ናት።

ሎኮሞቲቩን በተመለከተ፣ የእኛን መስመር ልክ የሆነ ተሠርቶ አልተሸጠልኝም። መስመራችን ዊንተርቱር ከሚገኘው የስዊስ ፋብሪካ ሎኮሞቲቮች ስለገዛ፣ ቤሞ የተባለው የሞዴል ባቡር ፋብሪካ የሚሠራውን የስዊስ ጂ 4/5 የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ያገለገለ ፈልጌ ገዛሁ፤ እሱም የዊንተርቱር ልጅ ነው። ቁጥሩን ፍቄ፣ ጥቁሩን ቀለም በአቧራ አደበዘዝኩት። የአክስት ልጅ እንጂ መንትያ አይደለም። ከሩቅ ይበቃል።

አሁን ሰዎቹ። ሱቅ ውስጥ በዚህ ልኬት የጦርነት ሰው ካላችሁ የጀርመን ወታደር ነው የሚሰጧችሁ። እኔ ተራ የመንገደኛ ምስሎችን ገዝቼ ባርኔጣቸውን በምላጭ ላጨሁ፣ የሶፍት ወረቀት አንዱን ንጣፍ ብቻ ገንጥዬ በቀጭን ኮላ ነክሬ ነጠላ አለበስኳቸው። ወረቀቱ ሲደርቅ እጥፋቱ ራሱ ይወጣል። ጫማቸውን በቆዳ ቀለም ቀቡ፤ ብዙው ሰው ባዶ እግሩን ነበር። ጓዙን ከጨርቅ ቁራጭ ጠቅልዬ በክር አሰርኩ፤ አርባ ሁለት ጥቅል ሠራሁ፣ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው። አቀማመጡ ላይ አትቸኩሉ። የሚጠብቅ ሰው አይበተንም፤ ጥላ ባለበት ይከማቻል። መብራቱን በአንድ ወገን አብርታችሁ ጥላው የት እንደሚወድቅ እዩ፣ ሰዎቹን እዚያ ለጥፉ፣ የቀረውን መድረክ ባዶ ተዉት። ባዶው ቦታ ያስፈራል፤ ይኸው ነው ጦርነቱ።

ኤሌክትሪኩ ቀላል ነው፤ 12 ቮልት መቆጣጠሪያ ይበቃል። ከእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ ሥር ሁለት ሽቦ በስታኞ በይዱ፣ በመጋጠሚያው ብቻ አትተማመኑ፤ እኔ ተማምኜ ባቡሬ ወንዙ ላይ እየቆመች አስለቅሳኛለች።

ይህን ሁሉ ጨርሼ ለአጎቴ ባቡሯን አስነስቼ አሳየሁት። «ኧረ ቀስ በይ አንቺ! ያ ባቡር እንዲህ ሮጦ አያውቅም» አለ። ስንት ይሂድ ስለው፣ ጣቢያ ሲገባ ከ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይበልጥም አለኝ። አሰላነው፦ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 7 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ለ87 ሲካፈል 8 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ 180 ሴንቲ ሜትሩን ገበታ ለማቋረጥ 22 ወይም 23 ሰከንድ መፍጀት አለበት። የእኔዋ በ9 ነበር የምትጨርሰው። መቆጣጠሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት እያደረግን፣ እኔ ቁልፉን እሱ የስልኩን ሰዓት ይዘን፣ 14፣ 17፣ 20 አለ። 23 ላይ ስትደርስ መቁጠሩን ተወና፣ ባቡሯ ገበታውን ጨርሳ እስክትቆም ዝም ብሎ አያት።