ድባቴ፦ ሕክምናውን መጀመርና ሳያቋርጡ መዝለቅ

ድባቴን ከተራ ሐዘን የሚለየው በመጀመሪያ ደረጃ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሆድን ባር ባር ማለት፣ ወይም ይወዱት የነበረው ሁሉ ማስጠላት፣ በየቀኑና ቀኑን አብዛኛውን ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ልብ ይበሉ። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይዛባል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሐሳብ አይሰበሰብም፣ ሰውነት ይዝላል ወይም ይቁነጠነጣል፣ ሰው ራሱን ይወቅሳል፣ ሞትን ይመኛል። ከነዚህ ሁሉ 5 እና ከዚያ በላይ ተገኝተው ሥራን ወይም የቤት ኑሮን ካስተጓጎሉ መታከም ያለበት ሕመም ነው።

ጎንደር ውስጥ ግን ብዙ ሰው ጤና ጣቢያ የሚሄደው ራሴን፣ ወገቤን፣ ጨጓራዬን ብሎ ነው፤ ማስታገሻ ተሰጥቶት ይመለሳል። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከነቃሁ እንቅልፍ የለም፣ ሰው ማየት አስጠልቶኛል» ብለው በግልጽ ይናገሩ። የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ችግር ድባቴን ስለሚመስሉ ደም መመርመር ተገቢ ነው። ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኙ ሳይደክሙ የቆዩበት፣ ገንዘብ ያለ ቅጥ የበተኑበት ጊዜ ካለ አይደብቁ። እንዲህ ያለ ሰው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ቢሰጠው ወደዚያው ሊመልሰው ይችላል። ሕመሙ ከበረታ ጤና ጣቢያው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል ሪፈር ይጽፋል።

ቀለል ላለ ድባቴ የንግግር ሕክምና፣ ማለትም ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ መታከም፣ ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ለከበደው ከመድኃኒት ጋር ቢሆን ይሻላል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ፍሉክሰቲን፣ ጠዋት 20 ሚሊ ግራም፣ እና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። አሚትሪፕቲሊን ማታ በ25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በሐኪም ቀስ በቀስ ይጨመራል።

ብዙው ሕክምና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ቀድሞ ይመጣል፣ ጥቅሙ ዘግይቶ። የፍሉክሰቲን ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ፣ የአሚትሪፕቲሊን የአፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታያሉ፤ ስሜቱ የሚሻሻለው ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። በሳምንቱ «አልረዳኝም» ብሎ የተወ ሰው መድኃኒቱን ገና አልሞከረውም። ጾም ምክንያት አይሁን፦ አሚትሪፕቲሊን የማታ ነው፤ ፍሉክሰቲንም ምግብ የግድ ስለማይፈልግ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ማዛወር ይቻላል። ጠበል የሚገቡም ኪኒናውን ይዘው ይግቡ፤ ለንስሐ አባትዎም አስቀድመው ይንገሩ። አረቄና ጠላ ግን ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ማደንዘዙን ያብሳሉ፣ ድባቴውንም ያከብዳሉ።

መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ እንቅስቃሴ ይጀመር። ፍላጎት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ሥራው ይቀድማል፣ ፍላጎቱ ይከተላል። ለመጀመሪያ በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ሰዓት መራመድ ይበቃል። የፋሲል ግንብ አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፤ በዝግታ ሁለቴ መዞር ወደ ግማሽ ሰዓቱ ይጠጋል። ያ ከበዛ እስከ ጎረቤት በር ደርሶ መመለስም ጅምር ነው።

ለቤተሰብ፦ «በርታ፣ ሰነፍህ እንጂ ምን ሆንህ?» ማለት ራሱን የሚወቅሰውን ሰው ጥፋተኛ ነህ ብሎ ማጽናት ነው። ይልቅ ከሱ ጋር ተራመዱ፣ ቀጠሮውን አስታውሱ። «መሞትን አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ የአዝርዕት መርዝና ገመድ ከቤት አርቁ፣ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ልብን ስለሚያውክ ኪኒናውን ቤተሰብ ይያዝ፤ ከሐኪሙም ለጥቂት ቀን የሚበቃ ብቻ ይጠየቅ። ወጣቶችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበልጥ ተከታተሉ።

ደህና ከሆኑ በኋላም መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ማቆሙም በሐኪም ምክር፣ መጠኑን ቢያንስ 4 ሳምንት ወስዶ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ነው። በቅነሳው መካከል እንቅልፉ ዳግመኛ ከሸሸ ወይም ሆድ ባር ባር ማለት ከጀመረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪሙ ዘንድ ይመለሱ፤ የቀድሞውን መጠን መልሶ ሊያዝልዎ ይችላል።