የአፍሪካን የንግድ ሕግ ምሁራን ስናሰባስብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከመተዳደሪያ ደንብ መጀመር። ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ተመርጦለት፣ ማኅተም ተቀርጾለት፣ አንድም ረቂቅ አብሮ ሳያነብ የቀረ ስብስብ ብዙ አይቻለሁ። መጀመሪያ አምስት ሰው ይገናኝና የአንዱን ጽሑፍ ያንብብ፤ ደንቡ ይደርሳል።

ዝም ብዬ የማላልፈው ግን “አህጉራዊ” ብሎ ሰይሞ በእንግሊዝኛ ብቻ መሥራትን ነው። የአፍሪካ አገሮችን የንግድ ሕግ አንድ የሚያደርገው ድርጅት፣ ኦሃዳ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ሞሪሸስ፣ ፖርት ሉዊስ ላይ በተፈረመ ስምምነት ተቋቁሞ ዛሬ 17 አገሮች በጋራ የንግድ ሕግ ይሠሩበታል፤ የጋራ ፍርድ ቤቱም ኮትዲቯር፣ አቢጃን ነው። አብዛኛው ሥራው በፈረንሳይኛ ስለሆነ እኛ ምሥራቆቹ ፍርዶቹን አናነብም፣ እነሱም የእኛን አያነቡም። ከዚያ ተሰብስበን ስለ አህጉራዊው ነፃ የንግድ ቀጠና እንከራከራለን!

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ባዘጋጀነው ዐውደ ጥናት ላይ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ መምህር ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተቀመጠ። ደብተሩ ግን በማስታወሻ ሞልቶ ነበር። በመጨረሻው ቀን ቡና ላይ ፈረንሳይኛ የምትችል ባልደረባዬ አነጋገረችው። የግልግል ዳኝነት ውሳኔን የአገር ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል ወይ እያልን ጠዋቱን ስንጨቃጨቅበት የዋልነውን ጥያቄ እሱ ዓመታት ሲያስተምረው ኖሯል። አስተርጓሚውን “ውድ ነው” ብዬ የሰረዝኩት እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ገንዘብ ባይኖር እንኳ ረቂቁ ከሦስት ሳምንት በፊት ይላክ፤ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይኑረው።

የግብዣ ደብዳቤ ዘግይቶ መላክ። ቪዛ ጊዜ ይፈጃል፤ ሦስት ወር ቀድማችሁ ላኩ።

ጄኔቫን ብቻ ማንበብ። ተማሪዎቻችን መቀመጫው ጄኔቫ የሆነውን የዓለም ንግድ ድርጅት ክርክሮች በቁጥራቸው ይጠራሉ፤ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. የወሰነውን የፖሊቶልን ጉዳይ ግን አልሰሙም። ሞሪሸስ ከግብፅ በሚገባ ቀለም ላይ ቀረጥ ጣለች፤ አስመጪው ኩባንያ፣ ፖሊቶል፣ መንግሥትን ከሶ ረታ። ጄኔቫ ላይ መክሰስ የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው፤ እዚህ ግን ነጋዴው ራሱ በር አለው። ኢትዮጵያም የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ልሁን ብላ በ2003 እ.ኤ.አ. ከማመልከቷ በፊት የኮሜሳ አባል ነበረች። ይህን ፍርድ ሳያስተምሩ ስለ ቀጠናዊ ውህደት ማውራት ምን ይባላል?

የአባላትን ዝርዝር በአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ መተው። የእኔ ሲበላሽ አድራሻዎቹን መልሰን ለመሰብሰብ ወራት ፈጅቶብናል።

መድረኩን ለፕሮፌሰሮች ብቻ መስጠት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታቀርብ ልጅ “አልተዘጋጀሁም” ብትላችሁ አትልቀቋት። ረቂቋን ተቀበሉ፣ ጠርዙ ላይ አስተያየታችሁን ጻፉላት፣ ከሌላ አገር ካለ አንድ አንባቢ ጋር አገናኟት፤ የምታቀርብበትንም ቀን አብራችሁ ቁረጡ።