የሴል ሽፋንን በቀይ ሥር መፈተሽ

ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ ቅቤው ድንጋይ ሆኖ የኑግ ዘይቱ ግን እንደ ልቡ ሲፈስ አይታችኋል አይደል? የሴል ሽፋንም፣ ማለትም ሴሉን ዙሪያውን የሚከልለው ስስ የስብና የፕሮቲን ልባስ፣ ነገሩ እንዲሁ ነው። የቅቤ ስብ ሰንሰለቶች አብዛኞቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ተጠጋግተው ይረጋሉ። የኑጉ ግን በድርብ ቦንድ (ሁለት የካርቦን አተሞች በእጥፍ በሚያያዙበት ቦታ) የተነሳ ጎበጥ ይላል፣ መጠጋጋት አይሆንለትም። ሽፋኑ ውስጥ ጎባጣው ሲበዛ ይላላል፣ ብርድ ሲመጣ ይጠጥራል። በእኛ በእንስሳት ሴል ኮሌስትሮል መሀል ገብቶ ሁለቱንም ያመጣጥናል።

አሁን ወደ ሥራ። የቀይ ሥር ቀለም ሴሉ ውስጥ ነው ያለው፣ ሽፋኑ ሲበላሽ ወደ ውሃው ይወጣል። ጥሬ ቀይ ሥር ልጣችሁ እኩል እኩል ቁረጡ፣ ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡት። ይቺን እንዳትዘሉ! እኔ መጀመሪያ ቀን ዘልዬ ብርጭቆው ሁሉ አንድ ዓይነት ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሦስት ብርጭቆ አቅርቡ፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሙቅ ውሃ፣ አረቄ (ከእሳት አርቁት)። ቴርሞሜትር ከሌለ አታስቡ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ሁለት እጅ የፈላ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር ስትቀላቅሉ 65 አካባቢ ይመጣል። ቁራጮቹን ጨምራችሁ 20 ደቂቃ ጠብቁ።

ቀዝቃዛው እምብዛም አይቀላም። ሙቀት የሽፋኑን ፕሮቲን ያበላሻል፣ አልኮል ደግሞ ስቡን ይበታትናል፤ ስለዚህ በሁለቱ ቀለሙ ሾልኮ ይወጣል።

ኅዳር ላይ ውርጭ ሲጥል ደግሞ አንድ ቁራጭ ደጅ አሳድሩ። በረዶ ከሠራበት ሽፋኑን ይበጣጥሰዋል፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥም ቢሆን ቀለሙን ይለቃል።