ለባሕር ምግቦች የሚሆን ኮምጠጥ ያለ ማባያ አዘገጃጀት

ታርታር ሶስ ከተጠበሰ ዓሣና ከሽሪምፕ ጋር የሚቀርብ፣ መሠረቱ ማዮኔዝ (የእንቁላል አስኳልና ዘይት ተመትተው የሚሠሩት ወፍራም ማባያ) የሆነ ማባያ ነው። በቤት ውስጥ ማዘጋጀቱ የሚያዋጣው ከሁሉ በላይ የኮምጣጣነቱን ልክ ራስዎ ስለሚወስኑ ነው። ኮምጣጣነቱ ደግሞ ለጣዕም ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ ለዓሣ ሽታ ምክንያት ከሆኑት መካከል አሚን የሚባሉት ውሕዶች ከአሲድ ጋር ሲገናኙ በቀላሉ ወደማይተኑ ጨዎች ስለሚለወጡ፣ ሎሚና ኮምጣጤ ሽታውን ይቀንሱታል። ይህ ሲባል ግን የተበላሸ ዓሣን ለመብላት የሚመች ያደርጉታል ማለት አይደለም።

ለዝግጅቱ 1 የእንቁላል አስኳል፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተዘጋጀ ሰናፍጭ፣ 180 ሚሊ ሊትር ጣዕሙ ያልጎላ የምግብ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ የቆየ 3 የሾርባ ማንኪያ ኪያር፣ በጣም የደቀቀ 1 የሾርባ ማንኪያ ቀይ ሽንኩርት፣ ጥቂት የእንስላል ቅጠል፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ያስፈልጋል። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያን ወይም የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች የሚመገቡት ከሆነ በፓስቸራይዜሽን (ጀርሞችን በሚገድል ለስላሳ ሙቀት) የታከመ እንቁላል መጠቀም ያስፈልጋል።

አስኳሉ፣ ሰናፍጩ፣ ግማሹ የሎሚ ጭማቂና አንድ ቁንጥር ጨው በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በደንብ ይመቱ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘይትና ውሃ በራሳቸው አይዋሐዱም፤ የሚያስተሳስራቸው በአስኳሉ ውስጥ የሚገኘው ሌሲቲን ሲሆን፣ እሱም ሥራውን የሚሠራው ዘይቱ ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ሲበተን ነው። ስለዚህ መምታቱን ሳያቋርጡ ዘይቱን በመጀመሪያ ጠብ በጠብ ይጨምሩ። መምቻው ሲያልፍ የሚተወው ዱካ ወዲያው ሳይጠፋ መቆየት ሲጀምርና ቀለሙ ነጣ ሲል፣ የቀረውን ዘይት እንደ ክር ቀጥኖ እንዲወርድ አድርገው ማፍሰስ ይችላሉ። ዘይቱ ተለይቶ ከተንሳፈፈ አይድፉት፤ በሌላ ሳህን አዲስ አስኳል መትተው የተለያየውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ቢመቱት ይመለሳል።

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው የኪያሩ ውሃ ነው። ኪያሩን በደቃቁ ከከተፉ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ውሃ መንጠባጠቡን እስኪያቆም ይጭመቁት፤ ሳይጨመቅ ከገባ ማባያው ይቀጥንና ከዓሣው ላይ ይንሸራተታል። የወጣውን ጭማቂ ግን ያስቀምጡት፤ በመጨረሻ ጣዕሙን ለማስተካከል ከሎሚ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ኮምጣጣነትን፣ ጨውንና የቅመሙን መዓዛ በአንድ ላይ ይዟል። ኪያሩን፣ ሽንኩርቱንና እንስላሉን ከማዮኔዙ ጋር በማንኪያ ቀስ ብለው ያዋሕዱ።

ወዲያው ቀምሶ መወሰን አይመከርም፤ ማባያው ተከድኖ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሲቆይ የሽንኩርቱና የእንስላሉ ጣዕም ይሠርጻል። ከዚያ በኋላ በትንሽ ቁራጭ ዓሣ አጥቅሰው ይቅመሱት፤ ለብቻው ሲቀመስ የበዛ የሚመስለው ኮምጣጣነት ከጥብሱ ቅባት ጋር ልክ ሆኖ ይገኛልና። የሚጎድለው ካለ የቀረውን የሎሚ ጭማቂ ወይም የኪያሩን ጭማቂ በሻይ ማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ።

የተረፈውን በንጹሕ ዕቃ ከድነው ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ቅዝቃዜ ያስቀምጡና በ3 ቀናት ውስጥ ይጨርሱት። ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየውን መጣል ይገባል፤ በረዶ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥም ዘይቱ ከውሃው እንዲለያይ ስለሚያደርገው አይሆንም።