የኢንክጄት ቺፕ ፓተንት ለምን ይመለሳል? ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከዚያ ወደ መፍትሄው

ከፓተንት ቢሮ የመጣውን ደብዳቤ ከፍታችሁ «ክሌም 1 እስከ 20 ተቀባይነት የላቸውም» የሚል ስታዩ ቶሎ አትደናገጡ። የመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲህ ሆኖ መምጣቱ የተለመደ ነው። ከባዱ ነገር ደብዳቤው የሚናገረውን ምልክት ከትክክለኛ ምክንያቱ ጋር ማገናኘት ነው። እዚህ የማወራው ስለ አንድ ጠባብ ዘርፍ ነው፦ በኢንክጄት (ቀለም በጠብታ በሚረጭ) ማተሚያ ራስ ላይ ስለሚቀመጥ የተቀናጀ ሰርኪዩት፣ ማለትም ቺፕ። ክሌም የምለው መብቱን የሚያጥሩትን ባለ ቁጥር ዓረፍተ ነገሮች ነው።

ቺፑን በአጭሩ እንተዋወቅ። በሙቀት በሚረጭ ፕሪንተር ውስጥ ከእያንዳንዱ ኖዝል (ቀለሙ ከሚወጣባት ቀዳዳ) ጋር አንዲት ትንሽ ሬዚስተር አለች። ለአንድ ሁለት ማይክሮሰከንድ ያህል ከረንት ሲያልፍባት ትግላለች። ቀለሙ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ጠብታውን ይገፋል። በ1984 የወጣው የሂውሌት ፓካርድ ቲንክጄት 12 ኖዝል ብቻ ነበረው። ለ12 ኖዝል ለየብቻ ሽቦ መዘርጋት ይቻላል። ለመቶዎችና ለሺዎች ግን አይቻልም። ስለዚህ ኖዝሎቹ በቡድን ተከፈሉ። አድራሻ የሚፈታ ሎጂክ፣ ትራንዚስተር፣ የሙቀት መለኪያ፣ በኋላም ሜሞሪ እዚያው ሲሊኮኑ ላይ ገቡ። የፓተንት ክርክሩም አብሯቸው ገባ።

ምልክት፦ «ይሄ ቺፕ ድሮም አለ»

የፓተንት ቢሮው መርማሪ ፈጠራው አዲስ መሆን አለበት በሚለው የአሜሪካ ፓተንት ሕግ አንቀጽ 102 መሠረት አንድ የቆየ ሰነድ ያወጣል። «ክሌማችሁ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ» ይላል። ሰነዱን ስታነቡት የእናንተን ሥራ አይመስልም። የእናንተ ቺፕ ሜሞሪው የሚነበበው ኖዝል በማይተኮስበት፣ ማለትም ቀለም በማይረጭበት ሰዓት ነው። ሰነዱ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። ታዲያ እንዴት «አለ» ተባለ?

እኔ ባየኋቸው ደብዳቤዎች ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ክሌሙ ቺፑ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፤ ቺፑ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። በ1990 የአሜሪካ ፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሂውሌት ፓካርድና በባውሽ ኤንድ ሎምብ ክርክር ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። የዕቃ ክሌም የሚሸፍነው ዕቃው የሆነውን እንጂ የሚያደርገውን አይደለም። ክርክሩ ራሱ ከእኛ ዘርፍ ሩቅ አልነበረም፤ ወረቀት እየሳበ ስለሚስል ፕሎተር ነበር።

በ1997 ደግሞ እዚያው ፍርድ ቤት የፈንዲሻ ጉዳይ መጣ። አንድ ፈጣሪ ፈንዲሻ ቀስ እያለ እንዲወርድ የሚያደርግ ሾጣጣ ክዳን አመጣ። መርማሪው ያቀረበበት የዘይት ቆርቆሮ አፍ ነበር። የዘይቱ ሰነድ ስለ ፈንዲሻ ምንም አይልም። ግን ቅርጹ ያው ነው፤ ፈንዲሻ ማውረድም ይችላል። መብቱ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ አካሄዱ ግልጽ ነው። የድሮው ዕቃ ያንን ሥራ መሥራት እንደሚችል መርማሪው በቂ ምክንያት ካሳየ፣ «አይችልም» ብሎ የማስረዳቱ ሸክም ወደ እናንተ ይዞራል።

ወደ ቺፑ እንመለስ። ሜሞሪው መቼ እንደሚነበብ የሚወስነው ፕሪንተሩ ከሆነ፣ ቺፑ ላይ የተለወጠ ሽቦ የለም ማለት ነው። ሜሞሪ፣ ሬዚስተርና የዳታ ፓድ (ሽቦ የሚያያዝበት የቺፑ መገናኛ) ያለው የቆየ ቺፕ ሁሉ «ይችላል» ይባላል። ቀለሙም እንደዚያው ነው። «ፒግመንት ቀለም የሚረጭ ቺፕ» ብትሉ አያድናችሁም። ቀለም ቺፑ የሚሠራበት ነገር ነው፤ የቺፑ አካል አይደለም።

መፍትሄው ከቃል አይጀምርም። የሰርኪዩት ስዕሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ሥራ እንዲሳካ ያደረገው የትኛው መስመር፣ የትኛው ጌት፣ የትኛው ትራንዚስተር ነው? መልሱን ክሌሙ ውስጥ አስገቡ።

ተመላሽ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው፦ «ሜሞሪ ያለው የማተሚያ ራስ ቺፕ፣ ሜሞሪው ኖዝል በማይተኮስበት ጊዜ የሚነበብ።»

የሚቆመው ደግሞ እንዲህ ያለው ነው፦ «በርካታ ሬዚስተሮች፣ ለእያንዳንዱ ሬዚስተር የተመደበ የሜሞሪ ሴል፣ ሬዚስተሩና ሴሉ የሚጋሩት የአድራሻ መስመር፣ እንዲሁም በአንድ መምረጫ ሲግናል ደረጃ መሠረት የተኩስ ሲግናሉን ወይ ወደ ሬዚስተሩ ወይ ወደ ሴሉ ብቻ የሚያሳልፍ ሎጂክ ጌት ያለው ቺፕ።»

ጌቱ የሌለው ቺፕ ይህን «ይችላል» ሊባል አይችልም። ምሳሌው ለማሳያ ብቻ ነው። ሬዚስተርና ሜሞሪ አድራሻ መጋራታቸው ዛሬ በራሱ አዲስ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራን የሚገልጽ ቃል ክልክል አይደለም። «እንዲህ እንዲያደርግ የተሠራ ሰርኪዩት» የሚለው ቃል ሽቦው የግድ የተለየ እንዲሆን ካስገደደ ዋጋ አለው። አደጋው «ሞጁል» ወይም «ክፍል» በሚሉ ባዶ ስሞች ላይ ስትንጠለጠሉ ነው። በ2015 ያው ፍርድ ቤት በዊሊያምሰንና በሲትሪክስ ጉዳይ እንዲህ ያለ ስም ክሌሙን መግለጫው (ፈጠራውን የሚያብራራው የማመልከቻው ክፍል) ውስጥ ወዳለው መዋቅር ሊያጠበው እንደሚችል ወስኗል። መግለጫው ውስጥ መዋቅሩ ከሌለ ደግሞ ክሌሙ ግልጽነት የጎደለው ሆኖ ይወድቃል።

ምልክት፦ ሁለት ሰነድ ተጋብቶ ይመጣል

በዚያው ሕግ አንቀጽ 103 መርማሪው ሬዚስተሩን ከአንዱ ሰነድ፣ ሜሞሪውን ከሌላው አምጥቶ ያጋባል። «ለዘርፉ ባለሙያ በቀላሉ የሚደረስበት ነው» ይላል። ከ2007ቱ የኬኤስአርና የቴሌፍሌክስ ውሳኔ ወዲህ ይህ ለመርማሪው ቀሎታል። ማጋባቱን የሚመክር ቃል በሰነዱ ውስጥ የግድ መገኘት የለበትም፤ ምክንያታዊ ማብራሪያ ይበቃል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መልሱ ላይ ነው። «አንደኛው ሰነድ ሜሞሪ የለውም፤ ሁለተኛው ኖዝል የለውም» ብለው ይጽፋሉ። መርማሪው ይህንን ያውቃል፤ ያጋባቸውም ለዚሁ ነው። እንዲህ ያለ መልስ ገንዘብና ጊዜ ይበላል፤ ወደፊት ግን አያራምድም።

ትክክለኛው መልስ ያለው ሲሊኮኑ ላይ ነው፤ ይህ ዘርፍ ደግሞ በዚህ ሀብታም ነው። የሜሞሪው ሰነድ የመጣው ከተራ የማከማቻ ቺፕ ዓለም ነው እንበል። እዚያ ፓድ መጨመር ቀላል ነው። ማተሚያ ራስ ላይ ግን እያንዳንዱ ፓድ ቀለም እንዳይነካው መሸፈን አለበት፤ ጠባብ ቺፕ ላይ ቦታ ይበላል፤ አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ መገናኛም ነው። ተራ የሜሞሪ ቺፕ የሚሠራበት ተጨማሪ የማምረቻ ደረጃ እዚህ ላይኖር ይችላል። ያኔ ሴሉ ትራንዚስተሩና ሬዚስተሩ በተሠሩበት ንብርብር መሠራት አለበት። በዚያ ላይ ብዙ ሬዚስተር አብሮ ሲተኮስ ከባድ ከረንት ይፈሳል። ሜሞሪ ሲነበብ የሚለካው ግን ትንሽ ልዩነት ነው። ሁለቱን ዝም ብሎ የሚያጋባ ሰው ንባቡ ይረበሽበታል።

እነዚህ ምክንያቶች ሁለት ነገር ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ ችግሩን የሚፈታው ነገር ክሌሙ ውስጥ መኖር አለበት። ስለ ረብሻ ተከራክራችሁ ክሌሙ ስለ መከላከያው ዝም ካለ ክርክሩ በከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ ማስረጃ። በአሜሪካ በደንብ 1.132 መሠረት ኢንጂነሩ የተፈረመ የማረጋገጫ ቃል ማቅረብ ይችላል። የጠበቃ አስተያየት ልኬትን አይተካም። ቺፑን የሠራው ሰው ሁለት ገጽ ሲጽፍ ከጠበቃው አሥር ገጽ የበለጠ ሲረዳ አይቻለሁ።

የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ተመሳሳዩን ጥያቄ በራሱ ደረጃ ይጠይቃል። ቅርቡ ሰነድ የትኛው ነው? ልዩነታችሁ ምንድን ነው? ልዩነቱ ምን ቴክኒካዊ ውጤት ያመጣል? ባለሙያው ይህን ማድረግ «ይችል ነበር» ወይስ በእርግጥ «ያደርግ ነበር»? ውጤቱ በመጀመሪያው ማመልከቻ ውስጥ ካልተጻፈ ወይም ከእሱ ካልተገኘ በኋላ ማምጣት ይከብዳል። ስለዚህ ስታመለክቱ «ሜሞሪ አለው» ብላችሁ አትለፉ፤ ለምን እዚያ ቦታ እንደተቀመጠ ጻፉ።

ምልክት፦ «ግልጽ አይደለም»

ይህ ቀላሉ ነው። ክሌም 1 ላይ «የተኩስ ፓድ» ያላችሁትን ክሌም 4 ላይ «የተኩስ መስመር» ብላችኋል። ወይም ቀድሞ ያልጠቀሳችሁትን «ያ ሴል» ብላችሁ ጠርታችኋል። ለአንድ ነገር አንድ ስም ያዙ። በተለይ «ቢት» ስትሉ ሴሉን ነው ወይስ በሴሉ ውስጥ ያለውን ዋጋ? ይህች ቃል ብዙ ደብዳቤ አስጽፋለች።

ምልክት፦ አውሮፓ ላይ «በመጀመሪያው ማመልከቻ ያልነበረ ጨምራችኋል»

ይህ አሜሪካ ላይ ብቻ የሠሩ ሰዎች የሚደነግጡበት ነው። በማመልከቻችሁ ስዕል 5 ላይ የሜሞሪ ሴሎቹ ከአንድ የንባብ ፓድ ጋር ተገናኝተዋል እንበል። እዚያው ስዕል ላይ የሰዓት ፓድ፣ የመምረጫ ፓድና የተኩስ ፓድም አሉ። ከሰነዱ ለመለየት ስትሉ የንባብ ፓዱን ብቻ ነጥላችሁ ክሌም 1 ውስጥ ከተታችሁ። መርማሪው የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት አንቀጽ 123(2)ን ጠቅሶ ይመልሰዋል። ምክንያቱም ማመልከቻው የሚያሳየው አራቱን አንድ ላይ ነው፤ አንዱ ብቻውን መቆም እንደሚችል የትም አልተባለም።

መፍትሄው ሁለት ነው። አብረው የሚሠሩትን አብራችሁ አስገቡ። ወይም ፓዱ ከሌሎቹ ተነጥሎ እንደሚሠራ የሚያሳይ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ጽሑፍ አውጡና በገጽና በመስመር ጥቀሱ። ዓረፍተ ነገሩ ከሌለ የለም፤ አሁን መጻፍ አይቻልም። ለዚህ ነው ስታረቅቁ «በሌላ አማራጭ የንባብ ፓዱ ያለ መምረጫ ፓዱ ሊኖር ይችላል» የሚሉ ትንንሽ ዓረፍተ ነገሮችን አትሰስቱ የምለው።

እባካችሁ ይህን ችግር «ይለፍልኝ» ብላችሁ አትተዉት። ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላ በተቃውሞ ቢነሳ፣ የተጨመረውን ማውጣት መብቱን ያሰፋዋል፤ ያ ደግሞ በአንቀጽ 123(3) ክልክል ነው። መተውም ማውጣትም አይቻልም። ከዚያ ወጥመድ የሚወጣው ጥቂት ነው።

ምልክት፦ «ምረጡ» የሚል ደብዳቤ

ቺፑን፣ ካርትሪጁንና ፕሪንተሩን በአንድ ማመልከቻ ለየብቻ ጠይቃችኋል። አሜሪካ ላይ መርማሪው አንዱን እንድትመርጡ ያዛል። የቀረውን በተከፋይ (ከመጀመሪያው በተነጠለ) ማመልከቻ መቀጠል ትችላላችሁ። አውሮፓ ላይ ደንብ 43(2) በመርህ ደረጃ በአንድ የክሌም ዓይነት (ለምሳሌ ምርት ወይም ዘዴ) አንድ ነጻ፣ ማለትም በሌላ ክሌም ላይ ያልተንጠለጠለ፣ ክሌም ብቻ ይፈቅዳል። እንደ ሶኬትና መሰኪያ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ምርቶች ግን ከዚህ ይወጣሉ። ቺፑና ከእሱ ጋር የሚነጋገረው የፕሪንተር መቆጣጠሪያ በዚህ በር መግባት ይችላሉ። ሦስት ዓይነት ቺፕ ግን ይከብዳል። ከፍለጋው በፊት የሚመጣውን የ2 ወር ጥሪ ዝም ካላችሁት ቢሮው ራሱ የመጀመሪያውን ይመርጥላችኋል። በጣም የምትፈልጉትን ክሌም መጀመሪያ ላይ አድርጉ።

ምልክት፦ የራሳችሁ ሌላ ማመልከቻ ይቀርብባችኋል

በዚህ ዘርፍ አንድ ቺፕ ብዙ ማመልከቻ ይወልዳል፤ ለሜሞሪው አንድ፣ ለሙቀት መለኪያው አንድ፣ ለስንጥቅ መፈተሻው አንድ። ክሌሞቹ በጣም ከተቀራረቡ የአሜሪካ መርማሪ «አንድ ፈጠራ ሁለት ጊዜ» ይላል። ባለቤቱ አንድ ከሆነ ተርሚናል ዲስክሌመር፣ ማለትም የሁለተኛውን ተጨማሪ ዕድሜ የመተው ሰነድ፣ በማስገባት ያልፋል። ዋጋው ግን አለ። ሁለተኛው ፓተንት ከመጀመሪያው አልፎ አይኖርም፤ ባለቤትነታቸውም መለያየት የለበትም። ክሌሙን ማራራቅ ከቻላችሁ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። አውሮፓ ላይ ዲስክሌመሩ የለም፤ መለየት ብቻ ነው ያለው።

ሌላው የቀን ጉዳይ ነው። ማመልከቻ ከቀደምትነት ቀኑ (ፈጠራው መጀመሪያ ከተመለከተበት ቀን) 18 ወር በኋላ ይታተማል። የመጀመሪያው ከታተመ በኋላ ማሻሻያውን ብታስገቡ፣ አውሮፓ ላይ የራሳችሁ ወረቀት በሙሉ ኃይሉ ይቆምባችኋል። አሜሪካ ላይ ለፈጣሪው የ1 ዓመት ፋታ አለ፤ አውሮፓ ላይ ግን የለም።

ከማመልከታችሁ በፊት በቃል ብቻ አትፈልጉ። ፓተንቶችን በዘርፍ በሚለየው የጋራ የፓተንት ምደባ (ሲፒሲ) ውስጥ የማሽከርከሪያ ሰርኪዩቶችን ቢ41ጄ 2/04541 ላይ፣ የካርትሪጅ መለያዎችን ቢ41ጄ 2/17546 ላይ፣ የሚጻፉ ሜሞሪዎችን ጂ11ሲ 16 ላይ እዩ። መርማሪው ሊያጋባቸው የሚችሉትን ሰነዶች ከእሱ ቀድማችሁ ታገኛላችሁ።

ቀኖቹን አትርሱ። አሜሪካ ላይ ለመጀመሪያው የይዘት ደብዳቤ መልስ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 3 ወር ነው፤ በክፍያ እስከ 6 ወር ይራዘማል። አውሮፓ ላይ የተለመደው 4 ወር ነው። እኔ በመጀመሪያው ወር መርማሪውን በስልክ ማነጋገር እመርጣለሁ። ስዕሉን ላኩ፤ ጌቱ ላይ ጣታችሁን አድርጉና «ይህ በሰነዱ ውስጥ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካሳያችሁ ክሌሙን ለውጡ። ካላሳያችሁ ያንኑ ጥያቄ በመልሳችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።